አምበሉን አባርሮ ለእንግሊዝ አሰልጣኝ የመረቀ አገር

«ስፖርትና ፖለቲካን አታደባልቁ» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ነው ያደባለቀው? መካሪዎቻችን ሁሌም የሚቆጡት ተጫዋቹ ላይ ነውና። የአገሪቱ መሪ የስፖርት ማኅበሩ የበላይ ጠባቂ ሲሆን ስፖርት ነው። ዋንጫ ሲመጣ ቤተ መንግሥት ገብተው አብረው ፎቶ ሲነሱ ስፖርት ነው። ስታዲየሙ በባለሥልጣን ስም ሲሰየምም ስፖርት ነው። ተጫዋቹ ክንዱ ላይ አንዲት ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ያሰረ ቀን ግን፣ በቃ፣ ነገሩ ፖለቲካ ሆነ!

የዛሬው ወጌ ስለዚያች ቁራጭ ጨርቅና ስላሰራት ሰው ነው። ሰውየው አንዲ ፍላወር ይባላል። የዚምባብዌ ክሪኬት ቡድን አምበል ነበር፤ ኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። አዎ፣ ክሪኬት ነው ያልኩት። አትሽሹ!

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሁለት ቡድን፣ በየቡድኑ 11 ሰው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት መትቶ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ረጅሙ ዓይነት «ቴስት» ይባላል፤ 5 ቀን ይፈጃል። 5 ቀን ሙሉ ተጫውተው፣ ለምሳና ለሻይ እያቋረጡ፣ አሸናፊ ሳይገኝ ሊበተኑም ይችላሉ። (የእኛን አገር ስብሰባ የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።) ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ለምን አሁን ትዝ አለህ ካላችሁኝ፣ የሰውየው ስም በጁን 2025 እንደ አዲስ ስለተነሳ ነው። እሱ የሚያሰለጥነው የባንጋሎር ቡድን በ18ኛው የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ አነሳ። ወዲያው ምስጋናው ዘነበ። የሕይወት ታሪኩ ተጨመቀና «ታላቅ መቺ፣ ታላቅ አምበል፣ ታላቅ አሰልጣኝ» ተባለ። መሀል ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሸጎጠች፦ በ2003 የዲሞክራሲን ሞት ለማዘን ጥቁር ጨርቅ አስሯል። አራት ነጥብ። ከዚያ ወደ ዋንጫዎቹ።

እኔን የምታንገበግበኝ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት። የሰውየው ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ሆኖ ሳለ እንደ ጌጥ ጣል ተደርጋ ትታለፋለች። ከዚያም የባሰው፣ ጨርቁን ያሰሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ሰው የት ሄደ?

ቀስ ብለን እንሂድ። ፍላወር በ1968 ኬፕ ታውን ተወልዶ ዚምባብዌ ያደገ ነጭ ነው። በፌብሩዋሪ 1992 ለአገሩ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የአንድ ቀን ጨዋታ ሲያደርግ፣ ያውም በዓለም ዋንጫ፣ ማንም ሳያስወጣው 115 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ ግን በስሪላንካ ተሸነፈ። ይህ «እሱ አበራ፣ ቡድኑ ተሸነፈ» የሚለው ነገር ኋላ የሕይወቱ አዝማች ሆነ። (በዚያው የዓለም ዋንጫ ዚምባብዌ እንግሊዝን በ9 ነጥብ ልዩነት ጉድ ሠርታታለች። ዋነኛው ወርዋሪ ኤዶ ብራንደስ የዶሮ እርባታ ነበረው። እንዲህ ዓይነት ቡድን አለመውደድ ይቻላል?)

በ1993 አምበል ሆነ። በ1995 መጀመሪያ ሐራሬ ላይ ፓኪስታንን ገጠሙ። አንዲ 156፣ ታናሽ ወንድሙ ግራንት ሳይወጣ 201 አስቆጠሩ። ወንድማማቾቹ ለብቻቸው 269 ነጥብ አብረው ሰበሰቡ። ዚምባብዌ በታሪኳ የመጀመሪያዋን የቴስት ድል ያገኘችው ያን ጊዜ ነው፤ አምበሉም እሱ ነበር። በዚያው ጨዋታ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ለዚምባብዌ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። ዳኞቹ አወራወሩ ሕግ የጣሰ ነው ብለው ቀጡት፤ ልጁ አወራወሩን ከሥር መሠረቱ ቀይሮ ተመለሰ። ሄንሪ ኦሎንጋ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ።

ስለ ፍላወር መቺነት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። በ2000 ናግፑር ላይ ሕንዶች ሊያስወጡት አቅቷቸው 232 አስቆጠረ። በ2001 ደግሞ ሐራሬ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በአንድ ጨዋታ 142 እና ሳይወጣ 199 አደረገ። ቆጠራችሁ? በድምሩ 341! ዚምባብዌ ተሸነፈች። በ63 ቴስት አማካይ ነጥቡ ከ51 በላይ ነው፤ በዚህ ጨዋታ 50 ያለፈ ከታላላቆቹ ተርታ ይቀመጣል። እሱ ደግሞ ያን ያደረገው አብዛኛውን ጊዜ በሚሸነፍ ቡድን ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ በዊኬት ጠባቂነት ቁጢጥ ብድግ ሲል ከዋለ በኋላ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው በ34 ዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2003፣ ሐራሬ ስፖርት ክለብ ሜዳ ላይ ክንዱን በጥቁር አስሮ የወጣው።

ቦታውን ልብ በሉልኝ። ሐራሬ ስፖርት ክለብ ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው። የክሪኬት ማኅበሩ የበላይ ጠባቂ ደግሞ ሮበርት ሙጋቤ ራሳቸው ነበሩ። ክሪኬት ሰውን ያሠለጥናል፣ ጨዋ ያደርጋል፣ ሕዝቤ ሁሉ ክሪኬት እንዲጫወት እፈልጋለሁ ብለዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠቀስላቸዋል። ታዲያ የበላይ ጠባቂው ደጃፍ ላይ ሁለት ጨዋዎች ቆመው፣ አገራችን ውስጥ ዲሞክራሲ ስለሞተ ሐዘን ላይ ነን አሉ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መግለጫቸውን ለጋዜጠኞች አደሉ። መግለጫው የሚያነሳው በሚሊዮን የሚቆጠር ወገናቸው መራቡን፣ ሥራ ማጣቱንና መጨቆኑን ነው፤ ሰዎች ሐሳባቸውን ስለተናገሩ ብቻ መታሰራቸውንና መገረፋቸውን ነው። ስድብ የለበትም። የፕሬዚዳንቱ ስም እንኳ የለበትም። የነበረው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው።

በዚያ ቀን ክሬግ ዊሻርት የተባለ መቺ 172 ነጥብ አስቆጥሮ ናሚቢያን አሸንፈዋል። ማን ያስታውሰዋል? እኔም ብሆን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ፤ ያለ እነሱ ወጉ አይደምቅም። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ፍላወር ነጭ ነው። ለነጮች እርሻ መወሰድ ነው ያለቀሰው። ጥቁሩ ሲበደል የት ነበር?» ይህ ክርክር ግማሽ እውነት ስላለው በቀላሉ አይጣልም። ክሪኬት በዚያ አገር የጥቂት ነጮች ጨዋታ ነበር፤ ሜዳው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክለቡ የእነሱ ነበር። የመሬቱም ጥያቄ ሐሰት አልነበረም፤ ጥቂት ነጭ ገበሬዎች ለም የሆነውን መሬት ይዘው፣ ብዙኃኑ ጭንጫ ላይ የሚኖርባት አገር ነበረች። ይህን የሚክድ ስለ ዚምባብዌ ባያወራ ይሻለዋል።

ግን ጥያቄውን እንገልብጠው። ከ1983 ጀምሮ የሙጋቤ አምስተኛ ብርጌድ ማታቤሌላንድ ገብቶ የፈጀው ሕዝብ ነጭ ነበር? እስከ 20,000 ይደርሳል እየተባለ የሚገመተው ያ ሁሉ ሟች ጥቁር ነው። በዚያን ጊዜ ፍላወር የትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ2003 የሚራበውስ ማን ነበር? ነጭ ገበሬ እርሻውን ሲነጠቅ ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ይችላል፤ ከእርሻው ጋር የተበተነው ጥቁር የቀን ሠራተኛ ግን የሚሳፈርበት አልነበረውም። «የት ነበርክ?» ማለት አንድን ሰው ዛሬ ዝም ለማሰኘት ሁልጊዜ የሚሠራ ዘዴ ነው። ትናንት ያልጮኸ ዛሬም አይጩህ ከተባለ ማንም መቼም አይጮህም። አምባገነኖች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የምትሆን አንዲት ቅንፍ ልክፈት። ሐራሬን የምናውቃት በክሪኬት አይደለም። ከሜይ 1991 ጀምሮ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መጠጊያ ናት። ፍላወርና ኦሎንጋ ጨርቃቸውን ባሰሩበት ቀን ጓድ ሊቀ መንበሩ በከተማዋ 12ኛ ዓመታቸውን እያገባደዱ ነበር። የአገራችን ፍርድ ቤት በ2006 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲላቸው፣ በ2008 ደግሞ ሞት ሲፈርድባቸው፣ የሙጋቤ መንግሥት እንግዳዬን አሳልፌ አልሰጥም አለ። እንግዳ ተቀባይነት ደግ ነው። ግን ይህ መንግሥት ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሚሆን ቤትና ጠባቂ አግኝቶ፣ ለገዛ ልጁ፣ ለ26 ዓመቱ ኳስ ወርዋሪ የሚሆን ቦታ አጣ! ቅንፉን ዘግቻለሁ።

አዎ፣ ኦሎንጋ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ስም።

ሐሳቡን ይዞ ኦሎንጋ ጋ የሄደው ፍላወር ነው። ለምን እሱን እንደመረጠ ግልጽ ነው፤ ነጭ ብቻውን ቢቆም «ቅኝ ገዢ ናፋቂ» ተብሎ በአንድ ቀን ይዘጋል። ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ስድቡ ይከብዳል። ብልህ ስሌት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሂሳቡ ሲመጣ የሆነው ነው። ፍላወር የእንግሊዙ ኤሴክስ ክለብ ተጫዋች ነበር፤ ዕድሜው 34፣ ሊጫወት የሚችለውን ሁሉ ተጫውቶ የጨረሰ። ኦሎንጋ 26 ዓመቱ ነው፤ ያለው ሁሉ ዚምባብዌ ውስጥ ነው።

የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ጆናታን ሞዮ ኦሎንጋን ጥቁር ቆዳ ያለው፣ ነጭ ጭምብል ያጠለቀ አሉት። ለፍላወር ይህን ስድብ ሊያገኙለት አልቻሉም፤ ባንዳ የሚባለው ጥቁሩ ነዋ! (ሞዮ ራሳቸው ከ2017ቱ የጦር ሠራዊት ጣልቃ ገብነት በኋላ ከአገር ሸሽተው ስደተኛ ሆነዋል። እኔ ምንም አልልም።) ኦሎንጋ ክለቡ አባረረው። ከብሔራዊ ቡድኑ አሰላለፍ ወጣ። የአገር ክህደት ክስ ይጠብቅሃል የሚል ወሬ መጣለት፤ ክህደት ደግሞ በዚምባብዌ ሕግ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር።

ያዳነው ዝናብ ነው። በቁሙ ዝናብ! ዚምባብዌ የምድብ ጨዋታዎቿን የምታደርገው እዚያው አገሯ ውስጥ ስለነበር፣ ከምድቡ ብትወድቅ ኦሎንጋ አገር ቤት ተይዞ መቅረቱ ነበር። እንግሊዞች ሐራሬ አንሄድም ብለው በመቅረታቸው ዚምባብዌ ነጥቡን ያለ ጨዋታ አገኘች፤ የመጨረሻውን የፓኪስታን ጨዋታ ደግሞ ቡላዋዮ ላይ ዝናብ አቋረጠው። በዚያ ነጥብ ቡድኑ ወደሚቀጥለው ዙር አለፈና ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። ኦሎንጋም አብሮ ተሻግሮ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ አመለጠ፤ ለዚምባብዌም ዳግም አልተጫወተም።

ፍላወርም ወጣ፤ ግን የወጣው ወደ ሥራ ነው። እስከ 2006 ለኤሴክስ ተጫወተ፣ በ2007 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። በጃንዋሪ 2009 አምበሉ ኬቨን ፒተርሰንና ዋናው አሰልጣኝ ፒተር ሙርስ ተጣልተው ሁለቱም ሲነሱ ቦታው ለእሱ ተረፈ። የመጀመሪያ ቴስቱ ጃማይካ ላይ ነበር፤ እንግሊዝ በ51 ነጥብ ብቻ ሁሉም ወጡ። ሰው በእንዲህ ዓይነት ቀን ሻንጣውን ይሸክፋል። እሱ ከአዲሱ አምበል ከአንድሩ ስትራውስ ጋር ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር ረጅም ነው። በ2009 አውስትራሊያን አሸነፉ። በ2010 የሃያ ኦቨር የዓለም ዋንጫን ወሰዱ። ጨዋታውን ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ እስከዚያ ቀን በወንዶች አንድም ዓለም አቀፍ ዋንጫ አልነበራትም! በ2010/11 አውስትራሊያን በገዛ አገሯ 3 ለ 1 ረቱ፤ ይህ ከ24 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። በ2012 ሕንድን በሕንድ። (ይህን «የእንግሊዝ» ቡድን ያሰለጠነው ሰው ኬፕ ታውን ነው የተወለደው፤ ስትራውስ፣ ፒተርሰን፣ ትሮትና ፕራየርም የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ናቸው። እንግሊዞች ነገር ማዋጣት ያውቁበታል።)

አንዷን ወር ግን ለብቻዋ ላንሳት። ዚምባብዌ በ2004 ነጮቹ ተጫዋቾቿ ከማኅበሩ ጋር ተጣልተው ሲባረሩ ገና በ20 ዓመቱ ታቴንዳ ታይቡን አምበል አደረገች፤ እሱም በ2005 ማስፈራሪያ በዛብኝ ብሎ ለቀቀ። በ2006 መጀመሪያ ከቴስት ክሪኬት ራሷን አገለለች። የተመለሰችው በኦገስት 2011 ነው፤ ሐራሬ ላይ ባንግላዴሽን ገጥማ አሸነፈች። በዚያችው ወር፣ በቀናት ልዩነት፣ አንዲ ፍላወር የሚያሰለጥናት እንግሊዝ ሕንድን ደምስሳ ከዓለም አንደኛ ሆነች። አንዱ አገር ከ6 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ዳዴ ሲል፣ ያባረረው ሰው ሌላውን አገር ጫፍ ላይ አወጣ። ንግሥቲቱም በዚያው ዓመት ኒሻን ሰጡት።

«ከሃዲ ነው፣ ለቅኝ ገዢ አገር ሠራ» የሚሉት እዚህ ላይ ይነሳሉ። ቆይ፣ የት ይሥራ? የበላይ ጠባቂው ደጃፍ? ወንድሙ ግራንት በ2010 ነገር ሲለዝብ ተመልሶ የዚምባብዌ መቺዎች አሰልጣኝ ሆኗል፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ አገሩን የጠላ የለም። አንድ አገር ባለሙያውን ካባረረ በኋላ «ለምን ለሌላ ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሚስቱን ከቤት አስወጥቶ ለምን አገባሽ እንደሚል ሰው ነው።

ፍላወርን ጻድቅ ላደርገው ግን አልነሳም። በቃኝ ማለትን ለዓለም ያሳየ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን በቃኝ የሚሉ ተጫዋቾችን አልወደደም። ከፒተርሰን ጋር እሳትና ጭድ ሆኑ፤ ፒተርሰን በ2014 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ቡድኑን የፍርሃት ቤት አደረገው ብሎ ወቅሶታል። የፒተርሰንን ጉራ ስለምናውቅ ግማሹን እንቀንስለት፤ የቀረውም ቀላል አይደለም። ለ2013/14 የአውስትራሊያ ጉዞ አስተናጋጆቹ ምን ምን ምግብ ማቅረብ እንዳለባቸው የሚዘረዝር 82 ገጽ ሰነድ ተላከ። 82 ገጽ! ውጤቱ 5 ለ 0 መሸነፍ ሆነ። በጃንዋሪ 2014 መጨረሻ ፍላወር ለቀቀ። ሁሉን ነገር በእጄ ካላደረግሁ የሚል አለቃ፣ ምን ጎበዝ ቢሆን፣ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቅጥር አሰልጣኝ ሆኗል። ሙልታን፣ ኖቲንግሃም፣ ዱባይ፣ ባንጋሎር፤ የሄደበት ሁሉ ዋንጫ ይከተለዋል። በ2023 እንዲያውም ለአውስትራሊያ አማካሪ ሆኖ እንግሊዝን ገጥሟል። በ2021 የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት በታላላቆች መዝገብ ሲያሰፍረው የመጀመሪያው ዚምባብዌያዊ ሆነ። ይገባዋል። አንድም ዋንጫ አልቀንስበትም።

የእኔ ጠብ ታሪኩን ከሚተርኩት ጋር ነው። ጀግንነቱን ሲያወሩ ሁለት ሰው ነው፤ ፍሬውን ሲያወሩ አንድ ሰው። የፍላወርን ጨርቅ «አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት ያሳየው ጽናት» አድርገው የሥራ ማመልከቻ ላይ እንደሚጻፍ ብቃት ያስገቡታል። ለኦሎንጋ ያቺው ጨርቅ የመጨረሻው ሥራው ሆነች። የአሰልጣኝነት በር የሚከፈተው ለማን ነው? ኤሴክስ የሚያውቀው፣ ክለብ ያለው፣ ስልክ የሚደውልለት ሰው ላለው ነው። በ30 ቴስት 68 ተጫዋች ያስወጣ ፈጣን ወርዋሪ ለአንድ ቡድን የሚያስተምረው አያጣም ነበር።

ኦሎንጋ እንግሊዝ አገር ከ10 ዓመት በላይ ኖረ። ድምፀ መልካም ስለሆነ ወደ ዘፈን ገባ፤ በ2006 ታዋቂ ሰዎች የሚወዳደሩበት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የችሎታ ውድድር አሸነፈ። በ2015 ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ሙጋቤ በ2017 ከሥልጣን ተነስተው በ2019 ሲንጋፖር ሆስፒታል ውስጥ ሲሞቱ እሱ አደላይድ ነበር። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን አንድ የዘፈን ውድድር ላይ ቀርቦ ነበር፤ ዳኞቹ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተው በሚያዳምጡበት በዚያ ውድድር ላይ።